ዓድዋ 22 ወይስ 23? ስለ ሻይ ቤቴ ሰሌዳና ስለ ቀን አያያዛችን

መነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አንኮበር ነው፣ ጎረቤላ። ትንሽ ሻይ ቤት አለችኝ። ከበሯ አጠገብ ከአሮጌ የትምህርት ቤት ሰሌዳ የተቆረጠ ጣውላ ሰቅያለሁ። በየማለዳው ሻዩን ሳልጥድ በጠመኔ ሦስት ነገር እጽፍበታለሁ። አንዱ ዛሬ በታሪክ ምን እንደተደረገ ነው። ሁለተኛው አንድ ትንሽ ዕውቀት ነው። ሦስተኛው ከራሴ ነው፣ ልቤ ውስጥ ያደረ ነገር። ጉም ሲወርድ ሰሌዳው ይረጥባል፣ ጠመኔው አይዝም። ያኔ በጨርቅ አደርቀውና እንደገና እጽፋለሁ። ሰው ብርጭቆውን ይዞ ቆሞ ሲያነብ ሳይ ደስ ይለኛል።

ባለፈው የካቲት አንድ ማለዳ፣ ዛሬ የዓድዋ ድል ቀን ነው ብዬ ጻፍኩ። ዕለቱ የካቲት 22 ነበር። ስልኬ ላይ ያገኘሁት ዝርዝር ጦርነቱ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ነው የተደረገው ይላል። ስልኬም ያን ዕለት ማርች 1 ይላል። አንድ አዛውንት ደንበኛዬ ሰሌዳውን አዩና ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። ልጄ፣ ጊዮርጊስ እኮ ነገ ነው አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ማርች 1 ልክ ከሆነና የካቲት 23 ልክ ከሆነ፣ ሁለቱ ለምን አይገናኙም? ሰሌዳዬ ላይስ የትኛውን ልከተል?

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። እኛ ቀኑን አጥብቀን እንይዛለን፣ ዓመቱን እንጥላለን። ያ ዓለምን የጨረሰ ኢንፍሉዌንዛ በ1911 ወደ እኛ ሲመጣ የኅዳር በሽታ አልነው። ኅዳር 12 ሲደርስ ቆሻሻ እየተቃጠለ ኅዳር ይታጠናል። ዓመቱን ግን ከመቶ ሰው ስንቱ ይነግራችኋል? የእኔም ቤት እንዲሁ ነው። አባቴ ያረፈው በኅዳር ጊዮርጊስ ነው። በየዓመቱ እንዘክረዋለን። በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ግን የሚነግረኝ የለም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ደርግ ሊወድቅ ሲል ነው ትል ነበር። እኔ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ። መንግሥት ሲለወጥ ትምህርት ተቋርጦ አንድ ክፍል ደግሜያለሁ። ስለዚህ ወደ ኋላ ስቆጥር አይገጥምልኝም። የምታውቁ አስተምሩኝ።

ምላሽ 1

መጀመሪያ የመለሱልኝ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ረጅም ሰላምታ አቅርበው አዛውንቱ ልክ መሆናቸውን ገለጹ። ዓድዋ በጊዮርጊስ ዕለት፣ እሑድ ማለዳ የተደረገ ውጊያ ነው፤ ታቦቱም ከሠራዊቱ ጋር ዘምቷል፤ ስለዚህ 23ን የሚያስለቅቅ ምክንያት የለም ባይ ናቸው። በአክብሮት የተጻፈ ነበር። ማርች 1 ከየት መጣ ለሚለው ግን መልስ አልነበረውም።

ምላሽ 2

ሁለተኛው መላሽ ነገሩን በአንድ መስመር ጨረሰው። በእሱ አባባል ውጊያው የተካሄደው ማርች 2 ነው፤ የውጭ መጻሕፍት ሁሉ ተሳስተው እርስ በርስ ሲገለባበጡ ነው የኖሩት። ማስረጃው ደግሞ የስልኩ ካላንደር ነው። የካቲት 23 ሲያስገባ ማርች 2 ይልለታል። እውነቱን ለመናገር እኔም ለግማሽ ሰዓት ያህል አምኜዋለሁ።

ምላሽ 3

ከዚያ የሒሳብ መምህር ነኝ ያሉ ሴት መጡ። ምላሽ 2ን ትንሽ ቆጣ ብለው ነው የጀመሩት፤ ሳያጣሩ የሌላውን መጽሐፍ ስህተት ነው ማለት ነውር መሆኑን አስገነዘቡ። ቀጥለው ያስረዱት ግን ለእኔ የዚህ ሁሉ ውይይት እንብርት ነው። እንደገባኝ አድርጌ ላስፍረው።

የእኛ አቆጣጠር በየ4 ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን 6 ያደርጋታል። አንድም ጊዜ አይዘልም። የጎርጎርዮሱም በየ4 ዓመቱ ፌብሩዋሪን 29 ያደርጋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1582 ሲታረም አንድ ደንብ ተጨመረበት። በመቶ የሚያልቅ ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ያቺ ቀን አትገባለትም። 1900 ለ400 አይካፈልም። ስለዚህ በዚያ ዓመት እነሱ ከፌብሩዋሪ 28 ቀጥታ ወደ ማርች 1 አለፉ። እኛ ዘንድ ያኔ የካቲት 1892 ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የእኛ ቀን በእነሱ ካላንደር ላይ ከድሮው በአንድ ቀን ዘግይቶ ይውላል።

ዓድዋ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው፣ በ1888። ያን ዕለት የካቲት 23 እና ማርች 1 አንድ ቀን ነበሩ። የድሉ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ሲከበርም ማርች 1 ላይ ነው የዋለው። አራተኛው ዓመት ላይ ማርች 2 ሆነ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። ስለዚህ አዛውንቱም ልክ ናቸው፣ የውጭ መጻሕፍቱም ልክ ናቸው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የዛሬን ካላንደር ወስጄ የድሮ ቀን ላይ አስቀመጥኩት።

መምህሯ አንድ ነገር ጨመሩ። እ.ኤ.አ. 2000 ለ400 ስለሚካፈል ምንም አልተፈጠረም። 2100 ግን አይካፈልም። ያኔ ገና ከጃንዩወሪ 7 ወደ 8 ይገፋል። እንቁጣጣሽም በአብዛኛው ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። የልጅ ልጆቻችን ይህን ጥያቄ እንደገና ይጠይቁታል ማለት ነው።

ምላሽ 4

ይህ የራሴ ነው። አመሰገንኳቸው። ከዚያ በፊት የነበሩ ቀኖች ሁሉ እንዲህ ናቸው ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

ምላሽ 5

አንድ ወጣት የታሪክ ተማሪ ሁለት ምሳሌ ይዞ መጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያረፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ነው፤ በጎርጎርዮሱ ኤፕሪል 13 ቀን 1868። ዛሬ ሚያዝያ 6 ስንል ግን ኤፕሪል 14 ላይ ነን። ሁለተኛው ለእኛ አገር ቅርብ ነው። ዐፄ ምኒልክ አንጎለላ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ሲሆን ያኔ ኦገስት 17 ቀን 1844 ነበር። ዛሬ ነሐሴ 12 ኦገስት 18 ላይ ይውላል። ልጁ ሁለቱንም ያሰላው ራሱ ነው። መምህሯ አይተው ትክክል ነው ብለው አጸደቁለት። እኔም ሁለቱን በደብተሬ ጻፍኩ። ነሐሴ 12 ሲደርስ ሰሌዳው ላይ ከነሁለቱ ቀን እጽፈዋለሁ።

ምላሽ 6 እና 7

እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ምላሽ 6 የፈረንጅ ቀን ከነጭራሹ ለምን እንደሚነሳ ጠየቀ። ዓድዋ እኮ ለራስ ቀን፣ ለራስ ስም፣ ለራስ አገር የተዋጉበት ነው፤ በማርች መዘከር የሞቱትን መናቅ ነው የሚል ነበር። ቃሉ ሻካራ ነው። እኔንም መምህሯንም ነካክቶን አልፏል። ምላሽ 7 ከዚያ የባሰ ተቆጥቶ መለሰለት። የጣሊያኑ ጄኔራል የባራቲዬሪ ጦር ቴሌግራም፣ የአውሮፓ ጋዜጣ፣ የምርኮኞች ደብዳቤ በዚያ ቀን የተጻፈ ነው፤ ያን ማንበብ የማይችል ሰው የራሱን ድል ምስክር ይጥላል አለ።

እኔ የሁለቱም ቁጣ ይገባኛል። የማከብረውን ቀን የሚወስነው ግን የኖሩበት ሰዎች አቆጣጠር ነው ብዬ አምናለሁ። ያ ሠራዊት ማለዳ ሲነሳ ማርች መሆኑን አያውቅም። ጊዮርጊስ መሆኑን ያውቃል። ሌላው ቁጥር ለማመሳከሪያ ከጎኑ ይጻፍ፣ አይጎዳም። ይህን ጽፌ ሁለቱም ዝም አሉ።

ምላሽ 8

አንዲት እናት ጸቡን አይታ ሳይሆን አይቀርም በለስላሳ ቃል ገባች። ልጇ የተወለደችው ጳጉሜ 6 ቀን 2011 ነው። ልደቷ የሚደርሰው በ4 ዓመት አንዴ ነው። በ2015 አንድ ጊዜ ደርሶላታል። ቀጣዩ በ2019 ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት ልጅቷ ልደቴ የት ሄደ ብላ ትጠይቃታለች። እናትየው ጳጉሜ 5 ማታ ዳቦ ትቆርስላታለች፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ አበባ አየሽ ሆይ ይዘፈንላታል። ልጅቷም አገሩ ሁሉ ለእሷ የሚዘፍን ይመስላታል። ይህን ሳነብ ሻይ ቤቱ ባዶ ነበር። ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት።

ምላሽ 9 እና 10

ጳጉሜ ሲነሳ አበበ ቢቂላ ተነሳ። ምላሽ 9 እንዳስታወሰው አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! ሩጫው ማምሻውን ተጀምሮ በችቦ ብርሃን ነው ያለቀው፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። አገር ቤት ችቦ በሚበራበት ምሽት ማለት ነው። ይህን ያህል ዘመን ታሪኩን ስሰማ ቀኑን ከዋዜማው ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር። ለሰሌዳዬ ከዚህ የተሻለ ነገር ማንም አልሰጠኝም።

ይኸው ሰው ቶኪዮም ላይ በባዶ እግሩ እንደሮጠ ጻፈ። ምላሽ 10 ወዲያው አረመው። ቶኪዮ ላይ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957፣ አበበ ጫማ አድርጎ ነው የሮጠው። ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ። እርማቱ ትንሽ ደረቅ ያለ ነበር፣ ልክ ግን ነው። በዚያው የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924፣ ጃቶ በምትባል ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቅ መንደር መሆኑን ጨመረ። የእኛው ጎረቤት ማለት ነው።

ምላሽ 11

ከዚህ በኋላ ወሬው ከመንገድ ወጣ። አንድ ሰው በመነሻው ላይ ስለ ትንሽ ዕውቀት ማውራቴን አስታውሶ የራሱን ጥያቄ አመጣ። ከአዋሽ በኩል ወደ ደጋ ከመጣ ጀምሮ ባቄላ አልበስልልህ ብሎታል። ባቄላው ነው ወይስ ማገዶው?

ይህን እኔ መለስኩ፣ ሰሌዳዬ ላይ ጽፌው ስለማውቅ። ከባሕር ወለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍ ባልን ቁጥር ከላይ የሚጫነን አየር ይሳሳል። ውኃው ቶሎ ይንፈቀፈቃል፣ ሙቀቱ ግን ያነሰ ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋው በእኛ ከፍታ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ማገዶ መጨመር አያፋጥነውም፣ ውኃውን ብቻ ይጨርሰዋል። ባቄላውን ከትናንት ማታ ጀምሮ መዘፍዘፍ፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ መጫን ነው። እናቴ ድንጋዩን ለምን እንደምትጭን ጠይቄያት አላውቅም። ታውቅ ነበር ማለት ነው።

ምላሽ 12 እና 13

ምላሽ 12 ወፍ ይዞ መጣ። በአንኮበር ስም የምትጠራ፣ ቡናማ፣ ዥንጉርጉር፣ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ ወፍ አለች። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የለችም። ተመራማሪዎች መጀመሪያ ያዩዋት በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ሳይንሳዊ ስሟ የወጣላት ከ3 ዓመት በኋላ ነው። ገደሉ አፍ ላይ፣ ነፋሱ በሚመታው ሣር ውስጥ ነው የምትለቅመው። በኋላ ሰሜን ተራሮች ላይም ታይታለች።

ምላሽ 13 ደግሞ የፈረንሳዩን ባለቅኔ አርተር ራምቦን አነሳ። በ1887 እ.ኤ.አ. ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ ግመል ጭኖ ከቆላ ወደ አንኮበር ወጣ። ሲደርስ ንጉሡ የሉም። ወደ እንጦጦ ተከትሎ ሄደ። ያኔ ከተማው ወደዚያ እየዞረ ነበር። ከሸዋው ንጉሥ ከሳህለ ሥላሴ ጀምሮ እንግሊዙም ፈረንሳዩም ደጅ የጠናበት የአንኮበር ኮረብታ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዝም አለ። እኔ ይህን ኮረብታ በየቀኑ አየዋለሁ። የቀረው የግንብ ቁራጭና መሠረት ነው። ማለዳ ጉሙ ከቆላው ሲነሳ መጀመሪያ የሚሸፍነው እሱን ነው።

ምላሽ 14 እና 15

ወደ ቀን ተመለስን፣ እንደገናም ተጣላን። ምላሽ 14 የድል በዓል መጋቢት 28 እንጂ ሚያዝያ 27 አይደለም ብሎ ተነሳ። እሱ ልጅ ሆኖ ተሰልፎ ያከበረው መጋቢት 28 ነው። ምላሽ 15 ጠንከር አድርጎ መለሰ። መጋቢት 28 ቀን 1933 የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱበት ነው። በዓሉን ወደ መጋቢት ያዞረው ደርግ ነው፣ በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። ንጉሡ ሚያዝያ 27ን የመረጡትም በምክንያት ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነበር። ልክ 5 ዓመት ሲሞላ በዚያው ቀን ገቡ።

ምላሽ 15 የተናገረው ልክ ነው። ሆኖም ምላሽ 14ን የአንድ ሥርዓት ጭፍራ አስመስሎ መዝለፉ አግባብ አልነበረም። ሰውዬው ያስታወሰው የልጅነት ሰልፉን ነው። ጠዋት ያለበሱትን ነጭ ካልሲ ሳይቀር ጽፏል።

ምላሽ 16

የመነሻዬን ሁለተኛ ነገር ያነሳው ገና አሁን ነው። ይህ መላሽ ዓመት እንጥላለን ማለቴን ተቃወመ። የ66 አብዮት፣ የ77 ድርቅ እያልን አይደል ወይ የምንጠራው? ሁለቱም በዓመት ነው። ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። አሰብኩበት። የ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ግን የታኅሣሥ ግርግር ነው የሚባለው፣ በወር ብቻ። በ53 እና በ66 መካከል የሆነ ነገር ተለውጧል። ትምህርት ቤት በዝቶ፣ ጋዜጣና ሬዲዮ ዓመቱን ደጋግሞ እየነገረን ይመስለኛል። ስለዚህ አባባሌን አሻሽላለሁ። የአገሩን ዓመት መያዝ ጀምረናል። የቤታችንን ግን ገና ነን።

ምላሽ 17

የአብነት ትምህርት የተማሩ አባት ገቡ። ዕድሜያቸው የገፋ ይመስላል፤ የልጅ ልጃቸው እየጻፈላቸው እንደሆነ ገልጸዋል። መጀመሪያ ዓድዋ እሑድ መዋሉን በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ አሳዩን። 5500 እና 1888 ሲደመር 7388 ነው። ይህ ዓመተ ዓለም ነው። ለ4 ሲካፈል 1847፤ ይህ መጠነ ራብዒት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 9235። ለ7 ሲገደፍ 2 ይተርፋል። 1 ቢተርፍ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 1888 ረቡዕ ዋለ። ከዚያ እስከ የካቲት 23 ድረስ 172 ቀን አለ። በ7 ሲገደፍ 4 ይቀራል። ከረቡዕ 4 ሲቆጠር እሑድ።

እኔ ወረቀት ላይ አብሬያቸው ሠራሁት። እሑድ ሲወጣልኝ የደስታ ነገር ያዘኝ። ከ1 መቶ ዓመት በላይ ያለፈ ቀን በአራት መስመር ተያዘ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና የአባቴ ዕረፍት የዋለበትን ዕለት ጠየቁኝ። ዕለቱ ከታወቀ ዓመቱ ይገኛል፣ አይዞሽ ልጄ የሚል መልእክት ነበር።

ምላሽ 18

ይህም የእኔ ነው። ዕለቱን አውቀው እንደሆነ ለራሴም እርግጠኛ አልነበርኩም። ቁጭ ብዬ አስታወስኩ። ሠልስቱ ሰኞ ነበር። ክፍል ጓደኞቼ ደብተራቸውን ይዘው በበራችን ሲያልፉ በግቢው አጥር ቀዳዳ አይቻቸዋለሁ። እኔ ከቤት እንዳልወጣ ተደርጌ ነበር። የአንዷ ጓደኛዬ ቦርሳ ከስኳር ከረጢት የተሰፋ ነው። እሱን ሁሉ አስታውሳለሁ። ሠልስቱ ሰኞ ከሆነ ቀብሩ ቅዳሜ ነው። እናቴም ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ነው ያረፈው ትል ነበር። ዓመቱ ከ1980 እስከ 1984 ባለው ውስጥ ነው ብዬ ጻፍኩ።

ምላሽ 19

አንድ ሰው አጥቢያ የሚለውን ይዞ ጥያቄ አነሳ። በስልክ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። በቤተ ክርስቲያን ግን ቀኑ ከዋዜማው ምሽት ይጀምራል። ሌሊት 4 ሰዓት ያረፈ ሰው ለአንዱ የዓርብ ነው፣ ለሌላው የቅዳሜ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። እናቴ ግን የጊዮርጊስ ዕለት ስትል ቅዳሜ ማለቷ ስለሆነ ለእኛ ሒሳብ ለውጥ አላመጣም።

ምላሽ 20 እና 21

ምላሽ 20 ቸኩሎ ዓመቱ 1981 ነው አለ። ልቤ ዘለለ። ምላሽ 21 ግን የመጀመሪያዋ መምህር ናቸው። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 23 የሚታለፈው 82 ቀን እንጂ 83 አይደለም፤ ሰውዬው መስከረም 1ን ራሱን ቆጥሮታል። በሰው ኀዘን ላይ በችኮላ መልስ አይሰጥም ብለውም ገሠጹት። ሰውዬው ይቅርታ ጠየቀ። እኔ አልተቀየምኩትም፣ ሊረዳኝ ነው የሞከረው።

ምላሽ 22

አባ ሠርተው ላኩት። 82 በ7 ሲገደፍ 5 ይቀራል። ኅዳር 23 ቅዳሜ እንዲውል መስከረም 1 ሰኞ መዋል አለበት። 5500 እና 1982፣ 7482። ለ4 ሲካፈል 1870። ድምሩ 9352። ለ7 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። ሰኞ። ሌሎቹንም አንድ በአንድ አይተዋቸዋል። ኅዳር 23 በ1980 ሐሙስ፣ በ81 ዓርብ፣ በ83 እሑድ፣ በ84 ማክሰኞ ነው የዋለው። ቅዳሜ የዋለው በ1982 ብቻ ነው።

መምህሯ ከሥር የጎርጎርዮሱን ጻፉልኝ፤ ዲሴምበር 2 ቀን 1989። አባ ደግሞ የአባቴን የክርስትና ስም ጠየቁኝ። በውስጥ መስመር ላክሁላቸው።

ያን ዕለት ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፍኩም። የአባቴን ፎቶ ከግድግዳው አውርጄ ከመስታወቱ አወጣሁት። ጀርባው ቢጫ ሆኗል። በእስክሪብቶ፣ ኅዳር 23 ቀን 1982፣ ቅዳሜ ብዬ ጻፍኩና መልሼ ሰቀልኩት።

ምላሽ 23

አንድ ሰው ከደብረ ሲና ጽፈዋል። አያታቸው ያረፉት በሰኔ ሚካኤል ነው፣ ረቡዕ ቀን። ዓመቱን የሚያውቅ የለም። ነጭ ካልሲውን ያስታወሰው የምላሽ 14 ሰውዬ ሒሳቡን እኔ ልሞክረው ብሏል፤ መምህሯም አየዋለሁ ብለዋል። አባ ከስንት እስከ ስንት ባለው ዘመን ውስጥ እንደሆነ ጠይቀዋቸዋል። መልሱ ገና አልመጣም።